የማብራሪያ ፈተና ማርክ በአራሚ ስሜት አይወሰን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ወንጀልንና መንስኤውን በሚያጠናው የክሪሚኖሎጂ ትምህርት የማብራሪያ ፈተና ውጤት በተለጠፈ ቁጥር «መምህሩ ደስ እንዳለው ነው የሰጠኝ» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታውን አጣጥሎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርች እና ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ተማሪን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው 142 መምህራን እንዲያርሙት አደረጉ። ያው አንድ ወረቀት ከ100 ከ64 እስከ 98 የሚደርስ ማርክ ተሰጠው። በአንዱ አራሚ እጅ ደካማ የተባለው ተማሪ በሌላው እጅ ከክፍሉ አንደኛ ሊወጣ ይችል ነበር ማለት ነው።

ክሪሚኖሎጂ ለዚህ አደጋ ከብዙ ትምህርቶች ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት የራሱ አስተያየት የሌለው ሰው የለም፤ አራሚውም ተማሪውም የየራሳቸውን ይዘው ወደ ፈተናው ይመጣሉ። ስለዚህ የምንጠይቀው ነገር አጭር ነው። ማርክ የሚሰጥበት መስፈርት የመጀመሪያው ወረቀት ከመገለጡ በፊት ተጽፎ ይለቅ፤ ውጤቱ ሲለጠፍም መስፈርቱ አብሮ ይውጣ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው።

ብዙው ጣጣ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። «ስለ ወንጀል መንስኤዎች ተወያዩ» ተብሎ ከተጠየቀ ስለ ድህነት ሦስት ገጽ የጻፈም መልሷል፣ ወንጀለኛ በአካሉ ቅርጽ ይለያል ስላለው ስለ ሎምብሮዞ የራስ ቅል ልኬት የጻፈም መልሷል፣ ስለ ቤተሰብ አስተዳደግ የጻፈም መልሷል። ሦስቱን በአንድ ሚዛን የሚለካ መስፈርት ማዘጋጀት አይቻልም። ከአምስት ጥያቄ ሦስቱን ምረጡ ማለትም እንደዚሁ ነው፤ ጥያቄዎቹ እኩል ካልከበዱ ተማሪዎቹ የተፈተኑት የተለያየ ፈተና ነው። ሊታረም የሚችል ጥያቄ ሁኔታውን፣ ንድፈ ሐሳቡን፣ የሚፈለገውን ሥራ፣ ማርኩንና ጊዜውን ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ (ሜርተን፣ ኮኸን እና ፌልሰን ወንጀልን ያጠኑ አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ናቸው)፦

«በአንድ የመኖሪያ አካባቢ አብዛኛው ነዋሪ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ፖሊስ የመዘገበው ቤት ሰብሮ የመስረቅ ወንጀል በአንድ ዓመት ውስጥ ጨምሯል። ጭማሪውን በሜርተን የጫና ንድፈ ሐሳብ እና በኮኸንና ፌልሰን የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ አብራሩ። ለዚህ ሁኔታ የትኛው የተሻለ ያስረዳል? ምክንያታችሁን ስጡ። 20 ማርክ፣ 40 ደቂቃ።»

የዚህ ጥያቄ ማርክ በእኛ አከፋፈል እንዲህ ይበተናል። ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች በትክክል ማስቀመጥ ለእያንዳንዱ 3፣ በድምሩ 6። ከቀረበው ሁኔታ ጋር ማገናኘት ለእያንዳንዱ 4፣ በድምሩ 8። ሁለቱን አመዛዝኖ አቋም መያዝ 4። የቀረበውን መረጃ መመርመር 2። ከፍተኛው ድርሻ የተሰጠው ለማገናኘቱ ነው፤ ምክንያቱም ንድፈ ሐሳብን በቃል መያዝ አንድ ምሽት ይበቃዋል፣ በአዲስ ሁኔታ ላይ ማዋል ግን የሴሚስተሩን ትምህርት ይጠይቃል።

በዚህ ብቻ ማቆም አይበቃም፤ እያንዳንዱ ማርክ በምን እንደሚገኝ ተለይቶ መጻፍ አለበት። በሜርተን ላይ አንዱ ማርክ ኅብረተሰቡ ሰው ሁሉ እንዲመኘው የሚያደርገውን ግብ ለገለጸ፣ ሁለተኛው ወደ ግቡ የሚያደርሰው ሕጋዊ መንገድ ለሁሉም እኩል ክፍት አለመሆኑን ለጠቀሰ፣ ሦስተኛው ሰዎች ለዚህ ክፍተት የሚሰጡትን ምላሽ ላመለከተ ነው። ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ያስቀመጣቸው ምላሾች አምስት ናቸው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አምስቱንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ግቡን ተቀብሎ ሕጋዊውን መንገድ የሚተወውን ለይቶ ማሳየት ይበቃል። አምስቱን በሙሉ የዘረዘረ ተማሪ ተጨማሪ ማርክ አያገኝም። ይህ በመስፈርቱ ላይ ካልተጻፈ አራሚው በዝርዝሩ ርዝመት ተማርኮ መጨመሩ አይቀርም።

በኮኸንና ፌልሰን ላይ ደግሞ የተነሳሳ ወንጀል ፈጻሚ፣ አመቺ ዒላማ እና የብቁ ጠባቂ አለመኖር ሲጠቀሱ 2፣ ሦስቱ በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ መገናኘት እንዳለባቸው ሲገለጽ 1። ከሁኔታው ጋር ለማገናኘት ቤቱ ቀን ባዶ መዋሉ የጠባቂ አለመኖር መሆኑን ላሳየ 2፣ በቀላሉ የሚወሰድና የሚሸጥ ዕቃን ዒላማ ብሎ ለጠቀሰ 1፣ የቀረው 1 ደግሞ ስርቆቱ ለምን እንዳለ ሳይሆን ለምን እንደጨመረ ላስረዳ ነው። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉትም ይህንኑ ለማስረዳት ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የሰዎች ውሎ ከቤት ውጭ እየሆነ መሄዱን፣ ዕቃዎችም ክብደታቸው እየቀነሰ ዋጋቸው መጨመሩን ከወንጀል መጠን ጋር አያይዘው ነው። ብዙ ተማሪ ያቺን የመጨረሻዋን 1 ማርክ ያጣታል።

ወደ ወረቀቱ እንግባ። ለማሳያ የተዘጋጀ አንድ መልስ እነሆ፦

«ሜርተን እንዳለው ድሃ ሰው ይሰርቃል። በዚህ አካባቢ ድህነት ስላለ ስርቆት ጨምሯል። ኮኸንና ፌልሰን ደግሞ ሰው ወንጀለኛ የሚሆነው ባዶ ቤት ሲያገኝ ነው ይላሉ።»

ዓረፍተ ነገሮቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ስሞቹም ትክክል ናቸው። በስሜት የሚያርም መምህር 7 ወይም 8 ሰጥቶ ያልፈዋል። በመስፈርቱ ግን ሜርተን ድህነት ብቻውን ወንጀል ያመጣል አላለም፤ ያለው በግቡና በመንገዱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው። ስለዚህ ከ3 ዜሮ። ጥያቄው ስለ አካባቢው ድህነት አንድም ቃል አልተናገረም፤ ተማሪው ፈጥሮ ነው ያስገባው። ከ4 ዜሮ። ኮኸንና ፌልሰን ሰው እንዴት ወንጀለኛ እንደሚሆን አያስረዱም፤ የተነሳሳ ሰው መኖሩን እንዳለ ተቀብለው ነው የሚነሱት። ባዶ ቤት የሚለው ቃል ግን የጠባቂ አለመኖርን ስለሚነካ በንድፈ ሐሳቡ 1፣ በማገናኘቱ 1 ይሰጠዋል። ጠቅላላው ከ20 ሁለት ነው።

ሌላ መልስ፦

«ለመስረቅ የተነሳሳው ሰው ቁጥር ባይለወጥም ቤቱ ጠባቂ አጥቶ ቀን ባዶ ከዋለና በእጅ የሚወሰድ ውድ ዕቃ ካለበት ስርቆት ይቀላል። ሜርተን የመነሳሳቱን ምንጭ ያስረዳል እንጂ ለምን በዚህ ቦታ፣ ለምን በዚህ ዓመት ለሚለው ብቻውን መልስ የለውም።»

ከመጀመሪያው መልስ ብዙም አይረዝምም። ሦስቱ የኮኸንና ፌልሰን ነጥቦች ስላሉ 2፤ መገናኘታቸው በግልጽ ስላልተነገረ ሦስተኛው ማርክ የለም። በማገናኘቱ 3። በማመዛዘኑ ከ4 ሦስት፤ የሁለቱን ልዩነት በትክክል ይዞታል፣ ግን የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ አድርጎ አላሳረፈውም። ሜርተን ምን እንዳለ ግን የትም አልጻፈም፤ በዚያ ዜሮ ነው። ድምሩ 8። ይህ ተማሪ ሜርተንን እንደሚያውቅ አራሚው እርግጠኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ላልተጻፈ ነገር ማርክ አይሰጥም። ለጎበዝ ተማሪ «ማወቁን አውቃለሁ» እያሉ መጨመር ከተጀመረ ዝም ያለው ወይም በስም የማይታወቀው ተማሪ ይበደላል። በወረቀቱ ጎን «የሜርተንን ግብና መንገድ ብታስቀምጥ ኖሮ 3 ማርክ ነበረው» ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል፤ ይገባልም።

በየፈተናው ተመላልሰው የሚመጡ ስህተቶች አሉና ዋጋቸው አስቀድሞ በመስፈርቱ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። ጣሊያናዊውን የሕግ አሳቢ ቤካሪያን ከባድ ቅጣት ወንጀል ይቀንሳል አለ ብሎ መጻፍ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1764 የተከራከረው ይበልጡን ስለ ቅጣቱ አይቀሬነትና ፈጣንነት ነው፣ ከልክ ያለፈ ጭካኔንም ተቃውሟል። ሰውን ወንጀለኛ ብሎ መፈረጅ ወደ ተጨማሪ ጥፋት ይገፋዋል የሚለውን የፍረጃ ንድፈ ሐሳብ ለመጀመሪያው ጥፋት ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ሌላው ነው፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ለመርት እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያውን ጥፋትና ከፍረጃ በኋላ የሚመጣውን ሁለተኛውን የለየው ለዚሁ ነበር። የአሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ የሂርሺ ጥያቄ ሰዎች ለምን ወንጀል እንደሚፈጽሙ ሳይሆን ለምን እንደማይፈጽሙ መሆኑን መርሳት፣ ከቤተሰብና ከኅብረተሰብ ጋር መተሳሰር ሰውን ከጥፋት ይገታዋል የሚለውን የእ.ኤ.አ. 1969 የማኅበራዊ ትስስር ንድፈ ሐሳቡንና ከጎትፍሬድሰን ጋር በ1990 ያቀረበውን ራስን የመግዛት ንድፈ ሐሳብ እንደ አንድ መቁጠርም የተለመደ ነው። ሻው እና መኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የነዋሪው ማንነት ሲቀያየር የወጣቶች ጥፋት መጠን በተወሰኑ ሰፈሮች ከፍ እንዳለ መቆየቱን አሳዩ፤ ከዚህ ተነስቶ «ከዚያ ሰፈር የወጣ ልጅ ወንጀለኛ ነው» ማለት ግን ስለ አካባቢ የተገኘን መረጃ በግለሰብ ላይ መለጠፍ ነው። ይህን የመሰለ ስህተት በእኛ እምነት ከዓመተ ምሕረት መሳሳት በብዙ ይበልጣል፤ በ1938 ፋንታ 1983 የጻፈ ተማሪ ምንም ሊቀነስበት አይገባም።

አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ እንዳያስቀጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን አሳስቶ አስቀምጦ፣ በተሳሳተው ላይ ተመሥርቶ ግን ሁኔታውን በሥርዓት ከተነተነ፣ በመስፈርቱ የመጀመሪያ ረድፍ፣ ማለትም ንድፈ ሐሳቡን በማስቀመጥ፣ ያጣውን ማርክ በማገናኘቱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ዳግም ማሳጣት ተገቢ አይደለም። እኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከማገናኘቱ ማርክ እስከ ግማሹ ይሰጥ እንላለን።

የተማሪው አቋም አይታረምም። ስለ ሞት ቅጣት፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስለ እስር ቤት ጥቅም በሚጠየቅ ጊዜ አራሚው የማይስማማበት መደምደሚያ ሙሉ ማርክ ሊያገኝ ይችላል፤ ከማስረጃ ተነስቶ፣ ተቃራኒውን ክርክር አንስቶ መልስ ሰጥቶበት እስከመጣ ድረስ። የአራሚውን ሐሳብ በሚያማምሩ ቃላት የደገመ ግን ማስረጃ የሌለው መልስ ዝቅተኛ ማርክ ነው የሚገባው። ሕግ አብረው የሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮችና አንቀጾች ዘርዝረው ይጨርሳሉ። ስርቆት በሕግ ምን እንደሆነ መግለጽ ስርቆት ለምን ጨመረ ለሚለው መልስ አይሆንም፤ ለዚህ መስፈርቱ ቦታ እንደሌለው ከፈተናው በፊት በክፍል ውስጥ ይነገራቸው።

ሥራው ሲጀመር ከተማሪዎቹ ወረቀት ውስጥ በዕጣ ስምንት ወይም አሥር አውጥቶ ማርክ ሳይሰጡ ማንበብ ይጠቅማል። መስፈርቱ ያላሰበው ነገር ያኔ ይወጣል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ስርቆቱ አልጨመረም፣ ጥበቃ ከተጠናከረበት ጎረቤት አካባቢ ተዛውሮ መጣ እንጂ ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ጥሩ መልስ ነው፤ በመስፈርቱ ግን የለም። በየትኛው ረድፍ ስንት ማርክ እንደሚያገኝ ተወስኖ ይጻፍ፤ ከዚያ መስፈርቱ ይዘጋ። እርማቱ ከተጀመረ በኋላ ሌላ ያልታሰበ ትክክለኛ መልስ ቢመጣ መስፈርቱን ማሻሻል ይቻላል፣ ግን እስከዚያ የታረሙት ወረቀቶች በሙሉ ለዚያ ነጥብ እንደገና መታየት አለባቸው። ይህን ላለማድረግ ሲባል ብቻ ትክክለኛ መልስ ዜሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ከስንፍናዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

መረጃውን ለመመርመር የተመደበችው 2 ማርክም ማብራሪያ ትሻለች። ጥያቄው «ፖሊስ የመዘገበው» ያለው ሆን ብሎ ነው። የተመዘገበው ወንጀል የተፈጸመው ሁሉ አይደለም። ሰዎች ከበፊቱ ይበልጥ ማመልከት ቢጀምሩ ወይም የአመዘጋገቡ መንገድ ቢለወጥ ስርቆቱ ሳይጨምር ቁጥሩ ይጨምራል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠቀሰ 1፣ ለመለየት ምን ዓይነት መረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ለምሳሌ ሰዎችን ወንጀል ደርሶባቸው እንደሆነ በቀጥታ የሚጠይቅ የተጎጂዎች ጥናት፣ የጨመረ 2 ያገኛል። በሜርተን ረድፍም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ሁኔታው ስለ ነዋሪዎቹ ግብና መንገድ ምንም እንዳልነገረን ጠቅሶ፣ የጫና ማብራሪያው እንዲቆም ምን ማየት እንደነበረብን የጻፈ ተማሪ ከ4 አራቱንም ይውሰድ።

ወረቀቱ ሲታረም ስም ይሸፈን፤ መለያ ቁጥር ይበቃል። እርማቱም በጥያቄ በጥያቄ ይሂድ፦ የሁሉም ተማሪ አንደኛ ጥያቄ ታርሞ ሲያልቅ ወረቀቶቹ ተደባልቀው ወደ ሁለተኛው ይኬዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 እንዳሳየው በአንድ ነገር የተማረከ መዛኝ ሌላውንም በዚያው ዓይን ያያል። አንደኛውን ጥያቄ አሳምሮ የሠራ ተማሪ ሦስተኛው ላይ ቢደክም እንኳ አራሚው አይጨክንበትም። ለዚሁ ሲባል ማርኩ በተለየ ሉህ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል። የወረቀት ቅደም ተከተልም ያሳስታል፤ ከድንቅ መልስ ቀጥሎ የሚታረም መካከለኛ መልስ ደካማ ይመስላል፣ ከሦስት ባዶ ወረቀት በኋላ የመጣው ደግሞ ሊቅ ይመስላል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹን አሥር ወረቀቶች መልሶ ማየት ግድ ነው፤ አራሚ ሲጀምር ጨክኖ ሲጨርስ መላላቱ፣ ወይም ተቃራኒው፣ የሚታወቀው እዚያ ነው።

የእጅ ጽሑፍ ለማርክ አይቆጠርም፤ የማይነበብ ከሆነ ሌላ ሰው እንዲያነበው ይደረግ። የቋንቋ ስህተት ሐሳቡን እስካላጠፋ ድረስ አይቀነስበትም። ማርክም በ10 እና በ13 መካከል ብቻ አይከማች። ለሁሉም መካከለኛ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ የሠራውን ግን ካልሠራው አይለይም። ለ20 ማርክ ጥያቄ ከግማሽ ማርክ በታች መሸንሸን ደግሞ ማንም ሁለተኛ ጊዜ ሊደግመው የማይችለው ልኬት ነው።

ሁለተኛ አራሚ ሁሉንም ወረቀት ማየት ባይችል እንኳ የወደቁትን በሙሉ፣ በማለፍና በመውደቅ ድንበር ያሉትን፣ ከላይ ጥቂቶችን፣ ከቀሩት ደግሞ በዕጣ የወጡትን ይመልከት። የመጀመሪያውን አራሚ ማርክ ሳያይ ነው። ልዩነቱ ከ20 እስከ 2 ከሆነ አማካዩ ይያዝ። ከዚያ ከበለጠ ሁለቱ ተቀምጠው በየረድፉ ይነጋገሩ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይየው። አንዱ 17 ሌላው 9 ሲሰጥ 13 ብሎ መዝጋት ሁለቱም ያላመኑበትን ማርክ ለተማሪው መስጠት ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። 80 ተማሪ ላለው ክፍል፣ አራት ጥያቄ ለሚይዝ ፈተና፣ ለአንድ መልስ 6 ደቂቃ ቢመደብ 1,920 ደቂቃ ይሆናል፤ 32 ሰዓት ማለት ነው፣ ሁለተኛውን አራሚ ሳይጨምር። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መቀመጥም ማርኩን ያበላሸዋል። ማስተማሩ ሳይቆም በሦስት ቀን ውጤት አስገቡ የሚል የትምህርት ክፍል ኃላፊ መስፈርቱን እንዲተው እያዘዘ እንደሆነ ይወቅ። ሁለት ሳምንት መስጠት ካልተቻለ የጥያቄው ቁጥር ይቀነስ፤ በጥንቃቄ የታረሙ ሁለት ጥያቄዎች በጥድፊያ ከታረሙ አራት ይሻላሉ።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። መስፈርቱ በእጃችሁ ሲገባ የድጋሚ እርማት ማመልከቻ «ብዙ ጽፌያለሁ» ወይም «ጓደኛዬ ይበልጠኛል» በሚል አይቅረብ። የትኛው ረድፍ፣ በወረቀቱ የትኛው ገጽና አንቀጽ፣ ስንት ማርክ እንደሚገባው ተጠቅሶ ይቅረብ። ድጋሚ የሚታየው ጥያቄው በሙሉ ስለሆነ ማርኩ ሊጨምርም ሊቀንስም እንደሚችል አስቀድሞ ይነገር፤ የሚያየውም መጀመሪያ ያረመው ሰው አይሁን። የትምህርት ክፍሎች ከሚቀጥለው ፈተና ጀምሮ መስፈርቱን ከውጤቱ ጋር በአንድ ቀን እንዲለጥፉ በጋዜጣችሁ በኩል እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ክሪሚኖሎጂ የምናስተምርና የምናርም መምህራን